የማን ልጅ ነው የጠፋው?

ቡሬ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ከበርበሬው ተራ፣
እያስነጠስሁ እውላለሁ፤ ይኸው ነው የኔ ሥራ።
ታኅሣሥ ሲገባ ዛላው ከሽኩዳድ ይወርዳል፣
ብናኙ በማራገቢያው ገብቶ ከኮምፒዩተር ሆድ ያድራል፤
ስከፍተው ቀይ ነው፣ ስነፋው ዓይኔ ይነዳል።

ሐሙስ፣ የክፍያው ዕለት፣ እንየው መጣ በጥዋቱ፣
የበርበሬ አምራቾች ማኅበር ሒሳብ ሹም፣ ከነጭንቀቱ።
ጥቁሩን ሣጥን በነጠላ ጠቅልሎ፣ እንደ ታመመ ሰው፣
«ትናንት ደኅና አምሽቶ፣ ዛሬ ምን አገኘው?»

አበራሁት። ዊንዶውሱ ተከፈተ፤ ሰማዩ፣ ኮረብታው፣
ሁሉም በቦታው።
የማኅበሩን መዝገብ ሁለቴ ብነካው፣
ቀይ መስቀል፣ አንድ ጩኸት፣ አንድ ግራጫ ሣጥን፦
«ዲኤልኤል ጠፍቷል። ፕሮግራሙን እንደገና ጫን።»

ከኋላዬ ወይዘሮ ውዳላት ቆመዋል፣
ሰባት ኩንታል አስረክበው፣ ገንዘቡን ይጠብቃሉ።
ጽሑፉን አነበብሁላቸው።
«የማን ልጅ ነው የጠፋው?» አሉ።

«ልጅ አይደለም እማማ፣ ፋይል ነው። እንዴት ልበልዎት፣
መቀናጆ ነው ነገሩ፤ አንድ ፕሮግራም ብቻውን ሁሉን አይዘልቅበት።
መደመሩን ከአንዱ ይዋሳል፣ መጻፉን ከሌላው፣
ማለዳ ደጁ ሄዶ፣ በስሙ እየጠራው።
ዛሬም ሄዶ ተጣራ፤ መልስ አጣ።»
«እና አንድ ሰው ቢቀር፣ ደቦው ባዶ እጁን ወጣ?»
«ተበተነ፣ እማማ።»

እንየው ስልኩን ጎርጉሮ «ይኸው ተገኘ!» አለ፣
«በነጻ ነው፣ አውርደው፣ ስሙም ያው ነው» እያለ።
እጁን ያዝሁት።
አምና ስሙን ብቻ አምኜ፣ ሞክሼውን ከመንገድ ለቀምሁ፣
የፎቶ አንሺውን የጥሩሰውን የስድስት ዓመት ሠርግ አስበላሁ፤
ሙሽሮቹ ሁሉ ተቆልፈው ቀሩ።
እስካሁን ሳየው በጓሮ እዞራለሁ።

ስለዚህ ቀስ።
የሠሪውን ጥቅል ከራሱ ከሠሪው ደጅ አመጣሁ፣
ስድሳ አራቱን ጫንሁ። መዝገቡ የሠላሳ ሁለት ዘመን ሰው መሆኑን ረሳሁ፤
ሠላሳ ሁለቱን ጫንሁ።
ያው ግራጫ ሣጥን። ያው ቃል።
መብራት ሄደ። መብራት መጣ።
ወይዘሮ ውዳላትን የሽንዲው አውቶቡስ አምልጧቸዋል።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው የጸረ ቫይረሱን በር የገፋሁት፤
ቀኑን ሙሉ ሌባ ሳስስ፣ ዘበኛውን አልጠረጠርሁት።
የእስረኞች ዝርዝር አለው። ወረድሁ በጣቴ፦
ሌሊት፣ ስምንት ሰዓት ከሩብ፣ «ተጠርጣሪ»።
እሱ ነው፣ በሞቴ!

አልተሰረቀ፣ አልጠፋ፣ አልኮበለለ፣
ያለ ዳኛ፣ ያለ ዋስ፣ በገዛ ቤቱ ታስሮ ዋለ።
ለጠየቀ ሁሉ «ጠፍቷል» ተባለ እንጂ
«ያሰርሁት እኔ ነኝ» የሚል አንድ ስንኳ የለ።

ማኅተሙን መረመርሁ፤ የሠሪው ነው፣ ንጹሕ ነው።
ፈታሁት። ለዘበኛውም ጻፍሁለት፦ «ሁለተኛ እንዳትነካው።»
መዝገቡ ተከፈተ፣ ስም በስም፣ ኩንታል በኩንታል፣
እንየው ግንባሩን ጠርጎ «ስንት ነው?» ይላል።
«መቶ ሃምሳ።»
«አንድ ፋይል ለመፍታት?»
«ለመፍታቱ አይደለም፣ ያለበትን ለማወቅ ነው» አልሁት።

ሳቀ፤ ሣጥኑን ጠቅልሎ፣ ከፍሎኝ ወጣ።
ወይዘሮ ውዳላት ግን አልተከተሉትም፤
ገንዘባቸው ወዲያ ሲቆጠር፣ እሳቸው ወዲህ ቆሙ።
ከመቀነታቸው አንድ የጉርድ ፎቶ ፈቱ፣
ጠርዙ የተበላ፣ ከላብ የወዛ ፊቱ፣
ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት፣ በእጃቸው ከለሉት፣
ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦

«ልጄ፣ ያ ዝርዝር…
የሰውም አለው?»

ማራገቢያውን አንስቼ ነፋሁ።
ብናኙ ተነሣ፣ ቀይ፤
ዓይኔ ነደደ።